የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ከተሸጠ በኋላ፦ የደንበኛው ቃልና የመሐንዲሱ ኃላፊነት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




አንድ መሣሪያ ከመሸጫው ወጥቶ ገዢው እጅ በገባበት ቀን የሙያተኛው ኃላፊነት ያበቃ፣ የቀረውም የሻጭና የገዢ ጉዳይ ብቻ የሆነ የሚመስላቸው ጥቂቶች አይደሉም። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን መሣሪያው መፈተን የሚጀምረው ከዚያ ቀን አንሥቶ ነው። በንድፍ ላይ ያልታየው ጉድለት በመንገድ ላይ ይታያል፤ በፋብሪካ ውስጥ ያልተነሣውን ጥያቄ ጉድጓዱና አቧራው ያነሡታል። በዚያን ጊዜ መሣሪያውን የሚያውቀው ሰው መልስ ካልሰጠ፣ ገዢው በእጁ የቀረው ንብረት ሳይሆን ዕዳ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የገዛ ሰው መኪናው ቢቆምበት ከሻጩ ዘንድ ምን ይገጥመዋል? የሚገጥመውስ ችግር የመስተንግዶ ጉድለት ነውን ወይስ የሙያ ጉድለት? የዚህ ንግግር ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው።

እንደሚታወቀው በ2014 ዓ.ም. መንግሥት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አድርጎ፣ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ፣ በከፊል ተገጣጥመው ለሚገቡት 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ እንዲከፈልባቸው፣ ተበታትነው መጥተው በአገር ውስጥ ለሚገጣጠሙት ደግሞ ቀረጡ ጨርሶ እንዲቀር ወሰነ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተገለጸ። የውሳኔው ምክንያት ግልጽ ነው። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ግን በአብዛኛው ከአገሩ ወንዞች የሚገኝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይህንኑ አሳብ አጠናክሮታል። ስለዚህ በዚህ ጉባኤ ፊት የቀረበው ጉዳይ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ይምጣ አይምጣ የሚል አይደለም። መጥቷል። ጥያቄው ከመጣ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? ማንስ ይመልስለታል? የሚለው ነው።

ነገሩ በጥቅሉ ከሚነገር ይልቅ በአንድ ሰው ላይ በደረሰው ቢታይ ይሻላል። የሰውየውም ሆነ የሻጩ ድርጅት ስም ለዚህ ጉዳይ አስፈላጊ ስላልሆነ አይጠቀስም።

የአንድ ገዢ 53 ቀናት

ባለጉዳዩ ዕድሜው ከ50 ዓመት ያለፈ፣ በአዲስ አበባ ከተማ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ የነዳ ሰው ነው። አስቀድሞ ላዳ፣ በኋላም አነስተኛ የጃፓን ሥሪት አውቶሞቢል ሲነዳ ከኖረ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ያችኑ ሸጦ፣ ከባንክም ተበድሮ፣ የጎደለውን ከእቁብ ባገኘው ገንዘብ በማሟላት በኅዳር ወር አዲስ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ገዛ። የእቁቡን ዕጣ ቀድሞ እንዲወስድ ጓደኞቹ የፈቀዱለት፣ ሳምንታዊ መዋጮውን ሳያቋርጥ እንደሚጨርስ ጎረቤቱ ዋስ ስለ ሆነለት ነበር።

ሁለት ወር ያህል ሁሉም እንዳሰበው ሄደለት። ማታ ማታ በቤቱ እየሞላ ቀን ሲሠራበት ይውላል። ቀድሞ ለቤንዚን ያወጣው የነበረውን ገንዘብ ለባንኩ ክፍያ አዋለው። በማደያ ሰልፍ ያጠፋው የነበረውም ሰዓት የሥራ ሰዓት ሆነለት። በጥር ወር መጀመሪያ ግን አንድ ነገር አስተዋለ። የበሩን መስታወት ሲያወርድ የውስጡ መብራት ይደበዝዛል፤ መስታወቱም እንደ ወትሮው ፈጥኖ አይወርድም። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይብሳል። ላዳ ሲነዳ የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ምልክት አይንቅም፤ ሆኖም መኪናው አዲስ በመሆኑ፣ ይህም ጠባዩ ይሆናል ብሎ ተወው።

ዓርብ ጥር 9 ቀን፣ የከተራ ዋዜማ፣ ማለዳ ላይ መኪናውን ሊያስነሣ ቢሞክር በሰሌዳው ላይ ቀይና ቢጫ ምልክቶች ተደረደሩ። ከምልክቶቹ ጋር የወጣው ጽሑፍ በቻይንኛ ነበር። ትልቁ ባትሪ ከ100 እጅ 84 እጅ መሙላቱ ይታያል፤ መኪናው ግን ንቅንቅ አላለም። ሰውየውም ለሻጩ ድርጅት ስልክ ደወለ። የተቀበለችው ወጣት በጨዋ አነጋገር፣ «ጋሼ፣ መዝግበነዋል፤ ሰኞ ይደወልልዎታል» አለችው። ለበዓሉ ሊሠራ ያሰበው ሥራ በዚህ ቀረ። ሰኞም አልተደወለም። ማክሰኞ ራሱ ሄደ። መኪናውን እንዲያመጣ ተነገረው። በገመድ ቢጎተት ጋራንቲው ይቀራል ስለ ተባለ፣ በራሱ ወጪ የጭነት መኪና ተከራይቶ አስጭኖ ወሰደው። ይህ ማስጠንቀቂያ በራሱ ትክክል ነበር፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ላይ እየተሽከረከሩ ከተጎተተ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ኃይል ስለሚያመነጭ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። ነገር ግን ምክንያቱን ያስረዳው ሰው አልነበረም።

በመቀበያው ጠረጴዛ ላይ ቅጽ ተሞላ። ሰውየው፣ «ልጄ፣ ከመቆሟ በፊት መስታወቱ ሲወርድ መብራቱ ይደበዝዝ ነበር፤ ይህን ጻፊልኝ» አላት። እርሷም ቅጹን ገልብጣ ካየች በኋላ፣ «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ግድ የለም፣ ኮምፒዩተሩ ራሱ ያወጣዋል» ስትል መለሰችለት። በቅጹ ላይ የደንበኛው ስም፣ የሰሌዳው ቁጥርና የስልኩ ቁጥር ሰፈረ። የብልሽቱ ዓይነት በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «አይሠራም» የሚል።

ሐሙስ ጥር 15 ቀን የመመርመሪያው ኮምፒዩተር ተሰካ። የወጣው ኮድ ከሞተሩ መቆጣጠሪያ ጋር የሚደረገው ግንኙነት መቋረጡን የሚያመለክት ነበር። ድርጅቱ መኪናውን የገዛው ከፋብሪካው ሳይሆን ከአንድ ላኪ ነጋዴ ስለ ነበር፣ የኮዱ ፎቶግራፍ ለዚያ ነጋዴ ተላከ። ከጥር 20 እስከ 27 ድረስ በቻይና የአዲስ ዓመት በዓል ስለ ነበር መልስ የሚሰጥ አልተገኘም። የካቲት 3 ቀን «መቆጣጠሪያው ይለወጥ» የሚል አጭር መልስ መጣ። ቀጥሎ ወጪውን ማን ይከፍላል የሚለው ክርክር ተነሣ። ለገዢው የተሰጠው ወረቀት «የሞተርና የባትሪ ጋራንቲ» ይላል። መቆጣጠሪያው ግን፣ ድርጅቱ እንዳለው፣ ሞተርም ባትሪም አይደለም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰውየው 11 ጊዜ ተመላለሰ። 7 የተለያዩ ሠራተኞች አነጋገሩት፤ ከ7ቱ አንዱ እንኳ ሌላው ቀደም ብሎ የነገረውን የሚያውቅ አልነበረም። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ወንበር ይሰጡታል፤ ውኃ ያቀርቡለታል፤ ከዚያም «በሂደት ላይ ነው» ይሉታል። የምን ሂደት? የት ደረሰ? በማን እጅ ነው? መቼ ያልቃል? ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አላገኘም።

በውጭ ያለው ሕይወቱ ግን አልቆመለትም። የባንኩ ክፍያ ሁለት ጊዜ ደረሰ። ማታ ማታ በሰው ሚኒባስ ተተኪ ሾፌር ሆኖ እየሠራ አንዱን ከፈለ፤ ሁለተኛው አደረ። የእቁቡ ይበልጥ ከበደው። ዕጣ ወስዶ መዋጮ ያቋረጠ ሰው በእቁብተኞች ዘንድ ምን ስም እንደሚያገኝ ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። «አዲስ መኪና ገዝቶ እንዴት መዋጮ አጣ?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ዋስ የሆነው ጎረቤቱም ተጠየቀ። ሰውየው መኪናው መቆሙን ቢናገርም፣ አዲስ መኪና በሁለት ወር ይቆማል ብሎ የሚያምነው አላገኘም። በእጁ ምንም ወረቀት አልነበረውም።

መብራቱ የተናገረው

በየካቲት መጨረሻ ድርጅቱ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና የተመረቀ አንድ ወጣት ቀጠረ። ወጣቱ መጋቢት 1 ቀን የመኪናውን ፋይል ቢያገላብጥ «አይሠራም» ከሚለው ቃልና ከኮዱ ፎቶግራፍ በቀር ምንም አላገኘም። ስለዚህ በ52 ቀናት ውስጥ ማንም ያላደረገውን አደረገ፤ ለባለ መኪናው ስልክ ደወለ። «ጋሼ፣ ከመቆሟ በፊት ምን ይታይባት ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም ለእንግዳ ተቀባይዋ የነገራትን ደገመለት፤ መስታወቱ ሲወርድ መብራቱ ይደበዝዛል፣ ጉድጓድ ካለፈ ይብሳል።

በዚህ አዳራሽ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ ወዲያው ይረዳሉ። በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ውስጥ ሁለት ባትሪዎች አሉ። አንደኛው መኪናውን የሚነዳው በብዙ መቶ ቮልት የሚሠራ ትልቅ ባትሪ ነው። ሁለተኛው በማንኛውም መኪና እንዳለው ያለ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ነው። መብራቱን፣ መስታወቱን፣ የበሩን መቆለፊያና ኮምፒዩተሮቹን የሚያሠራው ይህ ትንሹ ነው። ትልቁን ባትሪ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ማብሪያዎችም የሚዘጉት በዚሁ በትንሹ ኃይል ነው። ስለዚህ ትልቁ ባትሪ የቱንም ያህል ሙሉ ቢሆን ትንሹ ከታወከ መኪናው አይንቀሳቀስም። መስታወቱ ሲወርድ መብራት የሚደበዝዝ ከሆነ፣ ብዙ ኃይል በተፈለገ ጊዜ በአንድ መገናኛ ላይ ቮልቱ ይወድቃል ማለት ነው። ጉድጓድ ካለፈ የሚብስ ከሆነ ደግሞ ያ መገናኛ የላላ ነው። አንድ መሐንዲስ በሜትር የሚያደርገውን የቮልት መውደቅ ፍተሻ ይህ ሰው በዓይኑ አድርጎት ነበር።

በማግሥቱ ወጣቱ መሐንዲስ ትንሹን ባትሪ ለካ። ኃይል በማይወሰድበት ጊዜ 12.6 ቮልት አሳየ፤ ይህ ጤነኛ ነው። ቀደም ሲል የለኩትም ይህንኑ አይተው አልፈውት ነበር። እርሱ ግን ጭነት ባለበት ጊዜ፣ ባትሪውን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያዘው የመሬት ገመድ መገናኛ ላይ ለካ። ከ0.2 ቮልት መብለጥ በማይገባው ቦታ 2.8 ቮልት አገኘ። ብሎኑን ቢፈታው ከሥሩ ያለው ቀለም በሚገባ አልተፋቀም፤ ብሎኑም ሙሉ በሙሉ አልጠበቀም ነበር። ማብሪያዎቹ ሊዘጉ ሲሉ ቮልቱ ይወድቃል፤ መቆጣጠሪያው ለቅጽበት ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩም ግንኙነት ተቋረጠ ብሎ ይመዘግባል። ኮዱ አልዋሸም። የተናገረው ግን የሆነውን እንጂ የሆነበትን ምክንያት አልነበረም። ቀለሙ ተፋቀ፣ ብሎኑ ጠበቀ፣ የተመዘገበው ኮድ ተሰረዘ፣ መኪናው ተነሣ። ሥራው 40 ደቂቃ ፈጀ። አንድም መለዋወጫ አልተለወጠም። ቀኑ መጋቢት 2፣ መኪናው ከቆመ 53ኛው ቀን ነበር።

ሰውየው መኪናውን ሲረከብ ካሣ አልጠየቀም። የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ብልሽቱ ምን እንደ ነበርና መኪናው ከመቼ እስከ መቼ እንደ ቆመ የሚገልጽ ወረቀት። ኃላፊው፣ «እንዲህ ያለ ወረቀት ለደንበኛ አይሰጥም፤ ነገ ክስ ይመጣብናል» አለ። ወጣቱ መሐንዲስ የሙከራ ጊዜውን እንኳ ያልጨረሰ ሠራተኛ ነበር። ያም ሆኖ የለካውን፣ ያገኘውንና ያደረገውን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ቀን አስፍሮ፣ ፈርሞ አንዱን ቅጂ በፋይሉ አኖረ፤ ሌላውን ለባለ መኪናው ሰጠ። «የሠራሁትን ሥራ የመግለጽ ግዴታ አለብኝ» አለ እንጂ ሌላ ክርክር አላበዛም። ሰውየውም ወረቀቱን በሚቀጥለው እሑድ ወደ እቁቡ ይዞ ሄዶ አስነበበው። ያለፈውን መዋጮ በክፍያ እንዲያሟላ ተፈቀደለት፤ ጎረቤቱም ከተጠያቂነት ወጣ።

ጉድለቱ የት ላይ ነበር?

በዚህ ታሪክ ሻጩን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይሆንም። ሻጩም የራሱ ችግር አለበት። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ በብር ሲታሰብ እጅግ ንሯል። የሠለጠነ ሰው ጥቂት ነው። ብርቱካንማ ቀለም ባላቸው ገመዶች ውስጥ የሚያልፈው ኃይል ሰው የሚገድል በመሆኑ፣ ያልሠለጠነ ሠራተኛ መኪናውን ለመክፈት መፍራቱ የሚያስመሰግን እንጂ የሚያስነቅፍ አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ መኪና ላይ የነበረው ብልሽት ከእነዚህ ችግሮች አንዱንም የሚነካ አልነበረም። የውጭ ምንዛሪ አልፈለገም። መለዋወጫ አልፈለገም። በከፍተኛ ቮልት በኩልም አልነበረም። የፈለገው የአንድን ሰው ቃል መስማትና መጻፍ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ንግግር ዋና አሳብ ይህ ነው። የደንበኞች አገልግሎት ተብሎ የሚጠራው ሥራ ወንበርና ውኃ ማቅረብ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ስሕተት ነው። ደንበኛው ስለ መሣሪያው የሚናገረው ቃል የመጀመሪያው የመለኪያ ውጤት ነው። መቀበያው ጠረጴዛ ከወርክሾፑ በተነጠለ ጊዜ ይህ ውጤት ይጠፋል፤ ሙያተኛውም በጨለማ ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምልልስ፣ ቀጠሮና «በሂደት ላይ ነው» የሚለው መልስ ሁሉ የዚያ መጥፋት ውጤት ነው።

በላዳ ዘመን ይህ ጉድለት ይህን ያህል አይታይም ነበር። ሾፌሩ መካኒኩ ዘንድ ይሄዳል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያዳምጣሉ። «ሽቅብ ስወጣ ይንተፋተፋል» ይላል ሾፌሩ። መካኒኩ ካርቡራተሩን ይነካካል። ዕቃ ቢጎድል ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ያ አሠራር ብዙ ጉድለት ነበረበት፤ ነገር ግን ባለ መኪናውና ጠጋኙ አይለያዩም ነበር። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ሁለቱን ለያይቷቸዋል። ሞተሩ ድምፅ አይሰጥም፤ መረጃው በኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ ኮምፒዩተሩን የሚያነበው መሣሪያም በሻጩ እጅ ብቻ ነው። ስለሆነም ገዢው በፊት ከነበረው ይልቅ በሻጩ መልስ ላይ የተመካ ሆኗል። ጥገኛነቱ በጨመረ መጠን የመልስ ሰጪውም ኃላፊነት መጨመር ይገባዋል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ የሚነሣው ጉዳይ ዋስትናው ከማን ነው የሚለው ነው። በቻይና ለገበያ የሚቀርቡ የኤሌክትሪክ የቤት አውቶሞቢሎች አምራች ለባትሪው፣ ለሞተሩና ለመቆጣጠሪያው 8 ዓመት ወይም 120,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ለዚያ ገበያ የተሠራን መኪና አንድ ነጋዴ ገዝቶ ወደ ሌላ አገር ሲልከው ግን ይህ ዋስትና ብዙውን ጊዜ ተከትሎት አይሄድም። መኪናው ያው ነው፤ መቆጣጠሪያውም ያው ነው፤ ኃላፊው ግን በባሕር ማዶ ቀርቷል። በዚህ ታሪክ መቆጣጠሪያው ከጋራንቲ ውጭ ነው የተባለው፣ ወረቀቱን የጻፈው ሰው መኪናውን ስላላወቀው ይመስላል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ገዢውም ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዝዛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ለሸማቹ መብት ቆሟል። ነገር ግን ገዢው አስታወቀ የሚባለው በምንድር ነው? ሰውየው ጥር 13 ቀን ጉድለቱን በቃሉ ተናግሯል። «የሚጻፍበት ቦታ የለውም» ተብሎ የቀረ ቃል በሕግ ፊት እንዳልተነገረ ሊቆጠር ይችላል። በኖርዌይ በ2024 እ.ኤ.አ. ከተሸጡት አዳዲስ የቤት አውቶሞቢሎች ከ100 እጅ 89 ያህሉ የኤሌክትሪክ ነበሩ። በዚያ አገር ሕግ ለረጅም ጊዜ እንዲያገለግል የተሠራ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት ገዢው እስከ 5 ዓመት ድረስ ለሻጩ አቤት ማለት ይችላል። ኖርዌይ ባለጸጋ አገር በመሆኗ ማነጻጸሩ ሙሉ አይደለም። ሆኖም ሰው አዲስ ነገርን አምኖ የሚገዛው መልስ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ሲያውቅ መሆኑን ያሳያል።

ከአገር ውስጥም ትምህርት አለ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ነበሩት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆሙ። ሐዲዱም ኃይሉም ተሳፋሪውም እያለ፣ የጥገናው ነገር ከግዢው ጋር እኩል ስላልታሰበበት አገልግሎቱ ቀነሰ። በሺህ የሚቆጠሩ አውቶሞቢሎች በየሰው ግቢ ቢቆሙ ግን እንደ ባቡሩ በአደባባይ አይታዩም። እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው ይጉላላል፤ እያንዳንዱ እቁብ ለብቻው ይናጋል።

የሚቀርቡ አሳቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት ለማኅበሩ አባሎች፣ በተለይም በሽያጭና በጥገና ድርጅቶች ውስጥ ለሚሠሩት፣ የሚከተሉት አሳቦች ይቀርባሉ። አንዳቸውም የውጭ ምንዛሪ የሚጠይቁ አይደሉም።

አንደኛ፣ የመቀበያው ቅጽ የደንበኛውን ቃል በራሱ አነጋገር የሚቀበል ሰፊ ቦታ ይኑረው። ከመቆሙ በፊት ምን ታየ? መቼ ጀመረ? መቼ ይብሳል? የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ይጻፉበት። ደንበኛው አንብቦ ይፈርም፤ ቅጂውንም ይውሰድ። ጽሑፉ በአማርኛ ወይም ደንበኛው በሚያውቀው ሌላ ቋንቋ ይሁን።

ሁለተኛ፣ መኪናውን የሚመረምረው ሠራተኛ ከደንበኛው ጋር ፊት ለፊት ወይም በስልክ ሳይነጋገር ምርመራውን አይጀምር። ኮድ መነሻ እንጂ መደምደሚያ ተደርጎ አይወሰድ። ዕቃ ይለወጥ ተብሎ ወደ ውጭ ከመጠየቁ በፊት የትንሹ ባትሪ፣ የፊውዞቹና የመሬት ገመዶቹ ፍተሻ ጭነት ባለበት ሁኔታ ተደርጎ ውጤቱ ይመዝገብ።

ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ የቆመ መኪና አንድ ስሙ የታወቀ ኃላፊ ይመደብ። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው መልስ ይቅር። በምትኩ የተደረገው፣ የሚቀረውና የሚቀጥለው መልስ የሚሰጥበት ቀን ይነገር። መልሱ «ገና አልታወቀም» ቢሆንም እንኳ በቀኑ ይነገር። መጥፎ ዜና በጊዜው የተነገረው ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል፤ ከባንኩም ጋር ይነጋገራል። ዝም የተባለ ሰው ግን ይጠብቃል።

አራተኛ፣ የጋራንቲው ወረቀት መኪናውን በሚያውቅ መሐንዲስ ይዘጋጅ። የትኛው ክፍል እንደሚካተት፣ የትኛው እንደማይካተት፣ ዋስትናውን የሚሰጠው ፋብሪካው፣ ላኪው ወይም ሻጩ መሆኑ ከሽያጩ በፊት ለገዢው በግልጽ ይነገር።

አምስተኛ፣ በከፍተኛ ቮልት ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች ኃይሉን ማቋረጥ፣ በኮንደንሰሮች ውስጥ የቀረው ኃይል እስኪወጣ መጠበቅና ምንም ኃይል አለመኖሩን በሜትር ማረጋገጥ በሚገባ ይሠልጥኑ፤ ተገቢው ጓንትም ይሰጣቸው። የሚፈራውን ለይቶ የሚያውቅ ሠራተኛ የማያስፈራውን ለመክፈት አይሰጋም።

ስድስተኛ፣ ማኅበሩ አባሎቹ ያገኟቸውን ብልሽቶች፣ ምልክቶቻቸውንና መፍትሔዎቻቸውን የድርጅትና የደንበኛ ስም ሳይጠቀስ እየሰበሰበ በዚህ ዓመታዊ መጽሔት ቢያወጣ ታላቅ አገልግሎት ይሆናል። ያ የመሬት ብሎን በአንድ መኪና ላይ ብቻ የላላ ላይሆን ይችላል። ዛሬ ሌላ ባለ መኪና መስታወቱ ሲወርድ መብራቱ ሲደበዝዝ እያየ ይሆናል፤ ሌላ ወርክሾፕም መቆጣጠሪያ ለማዘዝ እየተዘጋጀ ይሆናል።

በመጨረሻም ስለ ፊርማ አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል። መሐንዲስ በንድፍ ላይ ሲፈርም ለሕንፃው ወይም ለድልድዩ ደኅንነት ኃላፊነት መውሰዱ በሙያው ውስጥ የታወቀ ነው። የተጠገነ መኪና ግን ብዙውን ጊዜ ያለ ፊርማ ይወጣል፤ ጠጋኙ አይታወቅም፣ የተገኘው ጉድለት አይገለጽም። ወጣቱ መሐንዲስ የሰጠው አንድ ገጽ ወረቀት ድርጅቱን አልጎዳውም፤ ክስም አልመጣም። የሰውየውን ስም ግን በጓደኞቹ ፊት መለሰለት። ያን ወረቀት መስጠት የአንድ ወጣት ድፍረት ሆኖ መቆጠሩ የሙያው ማኅበር ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። ልማድ ሊሆን ይገባው ነበርና።